ዲኤክስ ወይስ ቪትዝ? ለቱሉ ዲምቱው ጠያቂ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው።

«ዕድሜዬ 31 ነው። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ የምሠራው መገናኛ ነው። ባለትዳር ነኝ፤ የ3 ዓመት ልጅ አለን። የታክሲ ሰልፍ ስላማረረኝ መኪና ልገዛ ነው። ሁለት አይቻለሁ። አንዷ የ1982 ሞዴል ዲኤክስ ናት፤ በደንብ ተይዛለች። ሌላዋ የ2004 ሞዴል ቪትዝ ናት። የባለቤቴ አባት ‹ዲኤክስ ብረት ናት፤ ቪትዝ ግን እንደ ቆርቆሮ ትጨማደዳለች› ይሉኛል። ደላላው ደግሞ ቪትዟ ሁለት ኤርባግ ስላላት ቀበቶ ባላስርም ችግር የለም ይላል። የኤርባግ መብራቷ ጭራሽ አይበራም። ይህ ጤነኛ ነች ማለት ነው? እሳት ቢነሳ ቀበቶ ሰው ያስቀራል የሚሉም አሉ። የትኛዋን ልግዛ ይላሉ?»

አማትህ ያዩት ነገር ትክክል ነው። የደረሱበት ድምዳሜ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ዲኤክስ ስትጋጭ እውነትም ብዙ አትጨማደድም። ባትላሜራው ቀጥቅጦ፣ ስቱኮ ደፍኖ፣ ቀለም ረጭቶ በሳምንት ያወጣታል። ቪትዝ በዚያው ፍጥነት ብትጋጭ አፍንጫዋ እንዳለ ይገባል። ብዙ ጊዜም ተበልታ ለመለዋወጫ ትሸጣለች። ጋራዥ በር ላይ ቆሞ ሁለቱን ያየ ሰው «የድሮ ብረት!» ቢል አይፈረድበትም። እኔ ግን ቃሊቲ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ ስሠራ አንድ ልማድ ይዤ ቀርቻለሁ። የተጋጨች መኪና በጎታች ስትመጣ ፊቷን ቶሎ አላይም። በሩን ከፍቼ መሪውንና ወንበሩን ነው የማየው። ፓራውልቱ ትንሽ ጎበጥ ብሎ መሪው ግን በሰው ደረት የታጠፈባቸው የድሮ መኪናዎች አይቻለሁ። አፍንጫቸው ጠፍቶ ባለቤቶቻቸው በማግስቱ በእግራቸው ዕቃቸውን ሊወስዱ የመጡ አዳዲሶችም አይቻለሁ።

እናንተ ሰፈር ግንባታ መቼም አያልቅምና ሠራተኞች ጡብ ሲቀባበሉ አይተህ ይሆናል። አንዱ ከታች ይወረውራል፣ አንዱ ከላይ ይቀልባል። የቀላቢውን እጅ ልብ በለው። ጡቡ መዳፉን ሲነካ እጁ አብሮት ወደ ኋላ ይሸሻል። እጁን ቀጥ አድርጎ ቢጠብቀው ጣቱ ይሰበራል። ጡቡ ያው ጡብ ነው፣ ፍጥነቱም ያው ነው። ልዩነቱ ጡቡ እስኪቆም የተጓዘው ርቀት ነው።

የመኪናም ነገር እንዲሁ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየነዱ ግድግዳ መምታት ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ማለትም ከሦስተኛ ፎቅ እንደ መውደቅ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከዚህ ፍጥነት በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ቢቆም ሰውነቱ ላይ የሚያርፈው ጫና ከ1 ቶን ትንሽ ያልፋል። ያማል፣ ጎድንም ሊሰብር ይችላል፤ ግን ይተረፋል። ያው ሰው በ5 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም ጫናው ወደ 14 ቶን ይወጣል። ይህን የሚችል ደረት የለም። የቪትዟ አፍንጫ የሚጨማደደው ያንን 60 ሳንቲ ሜትር ሊሰጥህ ነው።

ይህ ሐሳብ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እስከ 1950ዎቹ ድረስ መኪና ሠሪዎቹ ራሳቸው እንደ አማትህ ነበር የሚያስቡት። ጥሩ መኪና ማለት የማይበገር መኪና ነበር። ቤላ ባሬኒ የሚባል የመርሴዲስ ቤንዝ መሐንዲስ በ1951 ነገሩን ገልብጦ ለፈጠራ መብት አመለከተ። ሰው የሚቀመጥበት መሃሉ እንደ ሣጥን ይጠንክር፤ ፊቱና ኋላው ግን ታስቦበት ይጨማደድ አለ። መርሴዲስ በ1959 በዚህ መንገድ የተሠራ መኪና ለገበያ አወጣ። ዛሬ የምታያቸው መኪናዎች ሁሉ የዚያ ሐሳብ ልጆች ናቸው።

ክርክሩን በዓይን ማየት የሚፈልግ ሰው አንድ ሙከራ አለለት። አሜሪካ ውስጥ የመድን ኩባንያዎች የሚደጉሙት የመንገድ ደህንነት ተቋም አለ። በ2009፣ 50ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ የ1959 ሸቭሮሌት ቤል ኤርን ከ2009 ሸቭሮሌት ማሊቡ ጋር ፊት ለፊት አጋጨ። ሁለቱም በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ነበር። ቤል ኤር ማለት ረጅም፣ ክሮም የበዛባት፣ አማትህ ቢያዩዋት «ይቺ ናት መኪና!» የሚሏት ዓይነት ናት። ሰው የሚቀመጥበት ክፍሏ ተደረመሰ። መሪውና ክሩስኮቱ (ዳሽቦርዱ) ሾፌር ሆኖ በተቀመጠው አሻንጉሊት ላይ መጡበት። ሰው ቢሆን ኖሮ አይተርፍም ነበር። ማሊቡ ውስጥ ያለው እግሩ ላይ ቢጎዳ ነው። ቪዲዮው ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ለአማትህ አሳያቸው። ለዲኤክስ ፍትሐዊ ልሁንና እሷ ከቤል ኤር በእጅጉ ትሻላለች። በ23 ዓመት ታንሳለች፤ የጃፓን መሐንዲሶችም በዚያ ጊዜ ስለ ግጭት ማሰብ ጀምረዋል። ግን ኤርባግ የላትም። የኋላ ቀበቶዋም ወይ ጭራሽ የለም፣ ወይ ወገብ ብቻ የሚያስር ነው። ልጅ ላለው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ቀበቶ ልምጣ፤ ዋናው ጉዳይ እሱ ነውና።

ቀበቶ ያላሰረ ሰው ከመኪናው መጨማደድ ምንም አይጠቀምም። አፍንጫዋ እየተጨማደደ መኪናዋ ቀስ እያለች ስትቆም እሱ ገና በ50 እየበረረ ነው። የሚያቆመው መሪው ወይ ፓራብሬዛው ነው፤ ያውም በ5 ሳንቲ ሜትር። ከመኪናዋ ጋር አብሮ እንዲቆም የሚያስረው ቀበቶው ብቻ ነው። ቀበቶ ከሌለ ቪትዝም ዲኤክስም ለሰውየው አንድ ናቸው።

ዛሬ የምናስረውን፣ ደረትንም ወገብንም የሚይዘውን ቀበቶ የሠራው ስዊድናዊው ኒልስ ቦሊን ነው። ቮልቮ ከመግባቱ በፊት ሳብ ኩባንያ ውስጥ አብራሪውን ከጦር አውሮፕላን አስፈንጥሮ የሚያወጣ ወንበር ላይ ነበር የሚሠራው። ከሱ በፊት የነበረው ቀበቶ ባብዛኛው ወገብ ብቻ ነበር የሚያስረው። ሰውየው ወገቡ ላይ ታጥፎ ጭንቅላቱ መሪውን ይመታል። ቦሊን በ1959 ያወጣው ቀበቶ ግን በአንድ እጅ ተስቦ በአንድ ጠቅታ ይታሰራል። ሰው ሰነፍ መሆኑን ያውቅ ነበር ማለት ነው። ቮልቮም መብቱን ለራሱ ቆልፎ አልያዘም፤ ሌሎች እንዲጠቀሙበት ለቀቀው። በ1967 ቦሊን 28 ሺህ ያህል አደጋዎች አጥንቶ ውጤቱን አቀረበ። ቀበቶ ካላሰሩት መካከል በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እንኳ የሞቱ ነበሩ። ካሰሩት መካከል ከ96 ኪሎ ሜትር በታች የሞተ አልተገኘም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት ቆጠብ ያለ ነው። ቀበቶ ከፊት የተቀመጠን ሰው የመሞት ዕድል ከ45 እስከ 50 በመቶ፣ ከኋላ የተቀመጠን ደግሞ የመሞትና ክፉኛ የመጎዳት ዕድል በ25 በመቶ ይቀንሳል ይላል። መኪና ውስጥ ካለ ዕቃ ሁሉ ይህን ያህል የሚሠራ የለም። ርካሹም እሱ ነው።

እሳት ያልከው ወሬ ቆየት ያለ ነው። ሰው ከሚጎዳባቸው ግጭቶች ውስጥ እሳት የሚነሳባቸው ወይም መኪናው ውሃ ውስጥ የሚገባባቸው ከመቶ አንድ አይሞሉም። እሳት ቢነሳስ የሚወጣው ማን ነው? ራሱን ያልሳተው ነው። ራስህን እንዳትስት የሚያደርግህ ደግሞ ያው ቀበቶ ነው። መቆለፊያውን ለመፍታት አንድ ሰከንድ ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። የጋራዥ ቋንቋችን ጣሊያንኛ ነው፦ ፍሬን፣ ፍሬቻ፣ ፓራብሬዛ፣ ላሜራ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ። ለሲት ቤልትና ለኤርባግ ግን የጣሊያን ስም የለንም። ጣሊያን መኪናና ቃል ይዞ ሲመጣ ገና አልነበሩማ። የድሮ ሜካኒኮች ኤርባግን እንደ ጌጥ የሚያዩት ለዚህ ይመስለኛል። በልጅነታቸው ስሙን አልሰሙትም።

ደላላው ስለ ኤርባግ የነገረህ አደገኛ ነው። የመሪው መሃል ላይ ‹ኤስአርኤስ› የምትል ጽሑፍ አለች። ሰው የማርክ ስም ይመስለዋል። ትርጉሟ «ተጨማሪ መያዣ» ማለት ነው። ተጨማሪ የሆነው በቀበቶው ላይ ነው። ኤርባግ በሰከንድ መቶኛዎች ውስጥ፣ ዓይንህን ሳትጨፍን፣ የሚፈነዳ ከረጢት ነው። የተለካው ቀበቶ ይዞት ዘግየት ብሎ ለሚመጣ ሰው ነው። ቀበቶ ያላሰረ ሰው ፍሬን ሲያዝ ገና ወደ ፊት ተንሸራትቶ አፍንጫው መሪው ላይ ይደርሳል። ያኔ ከረጢቱ በሚፈነዳበት ኃይል ፊቱን ይመታዋል። ስትነዳ ደረትህ ከመሪው ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ልጅህን የፊት ወንበር ላይ አታስቀምጠው። በእናቱ ጭንም አይሁን። የ3 ዓመት ልጅ 14 ኪሎ ገደማ ነው። በ50 ኪሎ ሜትር ግጭት በዚያች ቅጽበት ከ2 ኩንታል በላይ ይሆናል። እናት የቱንም ያህል ብትወደው 2 ኩንታል በክንዷ አትይዝም።

አሁን ወደ መብራቷ። የማይበራ የኤርባግ መብራት ጤና አይደለም። ጤነኛ መኪና ላይ ቁልፉን ስትከፍት መብራቱ መብራት አለበት። ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ራሱ ይጠፋል። በርቶ ከቀረ ብልሽት አለ። ጭራሽ ወፍ ከሌለ ደግሞ ብዙ ጊዜ ብልሽቱን አንድ ሰው ሆን ብሎ ደብቆታል። ሁለት ዓይነት መሸወጃ አለ። አንዱ አምፖሉን መንቀል ነው፤ ያንተዋ ይህን ትመስላለች። ሁለተኛው ረቀቅ ይላል፤ የኤርባጉን መብራት ከዘይቱ ወይም ከባትሪው መብራት ጋር ማጣመድ። ይህን ለመያዝ ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ብቻ ከፍተህ ጠብቅ። የዘይትና የባትሪ መብራት ሞተር እስኪነሳ አይጠፉም። የኤርባጉ ግን ብቻውን ቀድሞ መጥፋት አለበት። አብሮ ከቆየ ተጣምዷል። ሬዚስተር በምትባል ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ ኮምፒውተሩን ጭምር የሚሸውዱ አሉ፤ ያን ጊዜ የሚታወቀው በባለሙያ ተከፍቶ ሲታይ ነው። እንዳትነካካው ግን። ውስጡ የሚፈነዳ ነገር አለ። ባትሪ ተነቅሎ፣ ደቂቃዎች ተጠብቆ ነው የሚከፈተው።

ባለፈው ዓመት አንድ ቪትዝ መሪዋ ይንጫጫል ተብሎ መጣች። ባለቤቷ «ባለ ሁለት ኤርባግ» ብሎ ነው የገዛት። የመሪውን ሽፋን ሳነሳ ከረጢቱ የለም። በቦታው በአራት የታጠፈ ካርቶን ተጠቅጥቋል። ካርቶኑ ላይ የብስኩት ሥዕል አለበት። ሲንጫጫ የነበረው እሱ ነው። በተሳፋሪው በኩል ያለው ሽፋን በሙጫ ተለጥፏል፤ በጥፍር ስትቧጭረው ይላቀቃል። ሰውየው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ካርቶኑን አየው።

ይህ ለምን ይሆናል? «ቪትዝ» ጃፓን ለራሷ ገበያ ያወጣችው ስም ነው። ያው መኪና አውሮፓ ሲሄድ ያሪስ ይባላል። በጃፓን የሚነዳው በግራ መንገድ፣ መሪውም በቀኝ ነው። እንግዲህ በዚያ ዘመን ቪትዝ ሆና የተወለደች መኪና ዛሬ መሪዋ በግራ ከሆነ አንድ ሰው አዙሮታል ማለት ነው። የቪትዝ ፍጥነት መለኪያ ክሩስኮቱ መሃል ስለሆነ ለዚህ ሥራ ትመቻለች። በሚዞርበት ጊዜ ክሩስኮቱ ይወልቃል፣ አንዳንዴም ይቆረጣል። ኤርባግ የሚጠፋው ያኔ ነው። የፍሬን ፔዳሉ፣ የመሪው ዘንግ፣ ቱቦው ሁሉ ቦታ ይቀይራል። ጥሩ ተሠርቶ ያየሁት አለ። ብየዳውን ሳየው ፀሎት ያደረስኩበትም አለ።

መዞሯን ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግህም። ፍሬቻውን ፈልግ። በመሪው ቀኝ በኩል ከሆነ የጃፓን ነበረች። ዝናብ መጥረጊያውን አሠራው። በአንተ በኩል ያለውን ጥግ ሳይጠርግ ከተወው የተሠራው ለቀኝ ሾፌር ነው። የሻንሲ ቁጥሯን እይ። ለሌላው ዓለም የተሠሩት 17 ፊደልና ቁጥር አላቸው። የጃፓኖቹ አጠር ብሎ መሃሉ ላይ ሰረዝ አለው። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የፊት መብራቱ ነው። ለግራ መንገድ የተሠራ መብራት አጭሩ ሲበራ ወደ ግራ ከፍ ብሎ ያበራል፤ እዚያ አገር የመንገዱ ዳር ግራ ነውና። እኛ ጋ ግራ ማለት ከፊት ለፊት የሚመጣው ሾፌር ዓይን ነው። ማታ ቱሉ ዲምቱ መንገድ ላይ «ረጅም አብርቶ ነው የሚነዳ፣ ባለጌ!» ብለህ የሰደብከው ሰው አጭር አብርቶ ሊሆን ይችላል። ግድግዳ ፊት 5 ሜትር ያህል ርቀህ አብራና እይ። ብርሃኑ ወደ ቀኝ ከፍ ማለት አለበት። ወደ ግራ ካለ መብራቱ በሙሉ በግራ መሪ መኪና መብራት ይቀየር።

ኤርባጓ ያለች ቪትዝ ብታገኝም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ታካታ የሚባል የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች ውስጥ ያለው ኬሚካል ከዓመታት ሙቀትና እርጥበት በኋላ ከመጠን በላይ ሊፈነዳ ይችላል። የብረት ቁርጥራጭም ወደ ሰው ይወረውራል። በዓለም ዙሪያ ሰው ገድሏል። በመኪና ታሪክ ትልቁ፣ መኪኖችን ለማስተካከል መልሶ የመጥራት ዘመቻ የተደረገው በዚህ ሲሆን ኩባንያው በ2017 ከስሯል። ቶዮታ ከጠራቸው ውስጥ ኮሮላና ቪትዝ አሉ። በሻንሲ ቁጥሩ ከአምራቹ ማጣራት ይቻላል። ካርቶን የተጠቀጠቀባት ቢያንስ ከዚህ ነፃ ናት።

ስለ ፍሬን ብዙ አልልም፤ ግን ታሪኩ ደስ ይለኛል። በ1888 የካርል ቤንዝ ሚስት በርታ ባሏን ሳታስፈቅድ ሁለት ልጆቿን ይዛ ከማንሃይም ፎርትሳይም ድረስ ነዳች። ከአዲስ አበባ አዳማ ያህል ነው። ቁልቁለት ላይ የእንጨት ፍሬኑ ሲያልቅባት መንገድ ላይ ጫማ ሰፊ ፈልጋ ቆዳ አስለበደችበት። የፍሬን ሸራ የምንለው ነገር እንዲህ ነው የተወለደው። ያንተ ሸራ ምን ያህል እንደቀረ አስከፍተህ እይ። የፍሬን ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ካልታወቀ ቀይረው። ዘይቱ ሲያረጅ ውሃ ይጠጣል። ከእንጦጦ ቁልቁል እየወረድክ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ እግርህ ሥር ይሰምጣል። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ፣ ቦሽና መርሴዲስ በ1978 ያወጡት ሥርዓት) ካላት ደንገጥ ስትል ፍሬኑን ረገጥ ለቀቅ አታድርገው፤ ረግጠህ ያዘው፣ መሪውን አዙር። ፔዳሉ ቢንቀጠቀጥ አትፍራ። ጠጠር መንገድ ላይ ግን ኤቢኤስ ቶሎ አያቆምህም፤ ርቀትህን ጠብቅ። ጎማው ጎን ላይ አራት ቁጥር አለ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙልጭ ያለ ወይም 10 ዓመት የሞላው ጎማ ካለባት የአራት ጎማ ዋጋ ከመኪናዋ ላይ ይቀነስልህ።

እስካሁን ያወራነው ሁሉ መኪናው ውስጥ ስላለው ሰው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ ግን እግረኞች ናቸው። ባሬኒም ቦሊንም ለነሱ ብዙም አልደረሱላቸውም። አንተ የምትመላለስበትን መንገድ አውቀዋለሁ። ከቱሉ ዲምቱ እስከ ቃሊቲ አደባባይ የጭነት መኪና፣ ባጃጅ፣ የአህያ ጋሪ፣ ከፈረቃ የሚወጣ ሠራተኛ፣ ሁሉም አንድ አስፋልት ላይ ነው። መንገዱ ሰፊ ስለሆነ እግር ነዳጁ ላይ ይከብዳል። ማታ በአጭር መብራት ጥቁር ነጠላ የለበሰችን እናት የምታያት 40 ሜትር ገደማ ስትቀርባት ነው። በ80 ኪሎ ሜትር ስትነዳ አይተህ እግርህ ፍሬን እስኪነካ ብቻ 22 ሜትር ትሄዳለህ። ለመቆም ደግሞ በደረቅ አስፋልት ሌላ 36 ሜትር ያህል ትፈልጋለህ። ድምሩ 58 ነው። ያለህ 40 ነው። በ50 ስትነዳ በ28 ሜትር ትቆማለህ። ይህን የሚቀይር ኤርባግ የለም። ማታ በዚያ መንገድ ከ50 አትለፍ። ከኋላህ ያለው ክላክስ ቢያደርግ ያድርግ።

«ኤሌክትሪክ ልጠብቅ?» ብለህ አልጠየቅከኝም፤ ግን ብዙ ሰው ስለሚጠይቅ በአጭሩ ልመልስ። መንግሥት በ2024 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ አዲስ የሚገባው ኤሌክትሪክ ነው። ገንዘቡ ካለህ ከ20 ዓመት መኪና እሱ ይሻላል። መኪናው ሲንሸራተት ራሱ የሚያስተካክለው ሥርዓት በ1995 ከወጣ በኋላ ብዙ ሰው አትርፏል፤ በ2004 ቪትዝ ላይ ግን አትጠብቀው። ኤሌክትሪኮቹ ባትሪያቸው ከባድ ነው፣ ሲነሱም ይፈተለካሉ። እግረኛ ድምፃቸውን አይሰማም። እሱን ብቻ ያዝ።

ምክሬ ይህ ነው። ዲኤክሷን ተዋት። ብቻህን ብትሆን «እንደ ወደድክ» እልህ ነበር፤ ልጅ አለህ። ይችን ቪትዝም በዚህ ዋጋ አትግዛ። ሁለት ኤርባግ እንዳላት ተደርጋ ነው የቀረበችልህ፤ አንድም እንዳላት አልተረጋገጠም። ገንዘብህ የሚችል ከሆነ ከፋብሪካ ግራ መሪ ሆና የወጣች ያሪስ ወይም ኮሮላ ፈልግ። ከዚች ቪትዝ በሁለት ዓመት ያረጀች ብትሆንም ግድ የለም። ምርጫህ ከነዚህ ከሁለቱ ብቻ ከሆነ ግን ቪትዟ ትሁን። ኤርባግ እንደሌላት ቆጥረህ ተደራደር። የተረፈውን ገንዘብ ለጌጥ ቸርኬና ለሙዚቃ አታውለው። መጀመሪያ የአራቱም ወንበር ቀበቶ፣ ቀጥሎ የልጁ ወንበር፣ ከዚያ ጎማ፣ ፍሬን፣ የፊት መብራት። የልጁን ወንበር ያገለገለ ከገዛህ አደጋ ላይ የነበረ እንዳይሆን፤ አንዴ የተጋጨ ውስጡ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል።

ደላላው ቅዳሜ ሲያሳይህ ኮፈን ከፍቶ ሞተር ያስጮህልሃል። አንተ ግን መጀመሪያ ወደ ኋላ ወንበር ሂድ። እኛ አገር የወንበር ልብስ ይወደዳል፤ የኋላ ቀበቶ መቆለፊያዎቹን ጠቅልሎ ከሥሩ ይቀብራቸዋል። ልብሱን አስነሳ፣ እጅህን ወንበሩ መገጣጠሚያ ውስጥ አስገብተህ ፈልጋቸው፣ ሁሉንም አስረህ በኃይል ጎትታቸው። መቆለፊያዎቹን ሳታገኝ ስለ ዋጋ እንዳታወራ።